ምዕራፍ 8፦ በዓይን የማይታየውን ንጽሕና መመርመር

የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ይታዘባል። ሐኪሙ በትሕትና አነጋገረው ወይስ አመናጨቀው፣ የማደንዘዣው መርፌ አመመው ወይስ አላመመው፣ ክፍያው ተመጣጣኝ ነው ወይስ ኪስ ይጎዳል፤ ይህን ሁሉ ራሱ መዝኖ ይፈርዳል። አፉ ውስጥ የገባችው ትንሽ መስተዋት ግን ከእሱ በፊት ማን አፍ ውስጥ እንደነበረች፣ ከዚያ ወዲህስ ምን እንደተደረገላት ሊያውቅ አይችልም። በሳሙና ብቻ የታጠበች መስተዋትም ተህዋስ የሌለባትን ያህል ታበራለች።

ባለፈው ምዕራፍ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለሰባት ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ሊቆይ እንደሚችል አይተናል። በዓይን የማይታይ ደም ለመተላለፊያነት እንደሚበቃም አንስተናል። እዚያ ላይ ሳንመልሰው ያለፍነው ጥያቄ ነበር፤ ታካሚው ሊያየው የማይችለውን ማን ይይለት?

ብዙ አገሮች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ቁጥጥር ነው። በእንግሊዝ ለምሳሌ ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባል ተቋም አለ። ከሚያዝያ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጥርስ ሕክምና የሚሰጡ ክሊኒኮች፣ የመንግሥትም ታካሚ ያክሙ የግል፣ በዚህ ተቋም መመዝገብ አለባቸው። ተቆጣጣሪው ክሊኒክ ለመጎብኘት ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ አማካሪ የሆነ የጥርስ ባለሙያ አብሮት ይሄዳል። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው እነዚህ ሰዎች በሚያዩት ነገር ላይ ነው፤ ይልቁንም በዓይን ሊታይ የማይችለውን ነገር እንዴት አድርገው እንደሚያዩት።

ውጤቱ የማይፈተሽ ሥራ

አብዛኛው ሥራ ሲያልቅ ይፈተሻል። ግድግዳ መዝመም አለመዝመሙ በቱንቢ ይለካል፤ የተሞላ ጥርስ መግጠም አለመግጠሙ ታካሚውን አናክሶ ይታያል። ማምከን ግን ከዚህ የተለየ ነው። ማምከን ስንል በመሣሪያ ላይ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያንን በሙሉ፣ ሙቀትንና ድርቀትን ተቋቁመው ለዓመታት የሚያደፍጡትን ስፖሮች ጨምሮ ማጥፋት ማለታችን ነው። ታሽጎ የተቀመጠ መሣሪያ በእርግጥ መምከኑን ለማወቅ እሽጉን ከፍቶ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በተከፈተበት ቅጽበት ደግሞ ንጽሕናውን ያጣል። የተፈተሸው ለታካሚ አይሆንም፤ ለታካሚ የሚሆነው አልተፈተሸም።

የምዕራፉ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ውጤቱን መፈተሽ ካልተቻለ፣ የሚፈተሸው መሣሪያው የተጓዘበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በትክክል ከተፈጸመና መፈጸሙም ማስረጃ ካለው፣ መጨረሻውን ሳናይ እናምነዋለን። አንዱ እርምጃ ከተጓደለ ወይም ማስረጃ ከሌለው፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢያበራ ልናምነው ምክንያት የለንም።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ሐሳብ ሳይማሩት ያውቁታል። እንግዳ የሚያየው የተቀዳለትን ጠላ ነው፤ ጋኑን አያየውም። ጠላው መልካም የሚሆነው ግን ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ተፈትጎ ከታጠበና በወይራ ከታጠነ ነው። ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። ከታች የድሮ አተላ የተጣበቀበትን ጋን ቀኑን ሙሉ ቢያጥኑት ጢሱ ከአተላው ሥር አይገባም፤ መዘዙም የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ጠላው ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ሴት የሌላዋን ጥንስስ መገመት ከፈለገች ጋኑ እንዴት እንደታጠበ ትጠይቃለች። የጥርስ ክሊኒክ ተቆጣጣሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የአንዲት መስተዋት ጉዞ

ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ከታካሚ አፍ የወጣን አንድ መሣሪያ መርጦ፣ ተመልሶ ሌላ አፍ እስኪገባ ድረስ እርምጃ በእርምጃ ይከተለዋል። ነርሷን ወይም ረዳቷን «እስቲ ሁልጊዜ እንደምታደርጊው አሳዪኝ» ይላታል።

መጀመሪያ የሚያየው መንገዱ አንድ አቅጣጫ ያለው መሆኑን ነው። የቆሸሸው ክዳን ባለው ዕቃ ይጓጓዛል፤ ከቆሻሻው ወገን ገብቶ በንጹሑ ወገን ይወጣል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ መስመር ተሰምሮ ሊለይ ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ካለ፣ አንድ ቀን ሲቸኩሉ መለዋወጣቸው አይቀርም።

ቀጥሎ እጥበት ነው፤ የጋኑ ግራዋ ማለት ነው። ደምና ምራቅ ከመሣሪያው ካልተወገደ እንፋሎት ከሥሩ ሊደርስ አይችልም። በእጅ የሚታጠብ ከሆነ የእንግሊዝ መመሪያ ውሃው ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይበልጥ ያዛል። በጣም የሞቀ ውሃ የተሻለ የሚያጸዳ ይመስላል፤ ግን በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን አርግቶ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ቴርሞሜትሩ የት እንዳለ ይጠይቃል። ዕቃው ከመታጠቢያው አጠገብ ከሌለ መመሪያው በወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ይገነዘባል።

ከእጥበት በኋላ መሣሪያው መብራት ባለው ማጉያ ይታያል፤ የቀረ ቆሻሻ ካለ ተመልሶ ይታጠባል። ከዚያ ወደ ኦቶክሌቭ፣ ማለትም በተጨመቀ እንፋሎት ወደሚያመክነው ማሽን ይገባል። ቀድሞ ካልታሸገም ሲወጣ ታሽጎ፣ ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። በእንግሊዝ መመሪያ የታሸገ መሣሪያ እስከ አንድ ዓመት መቆየት ይችላል። ሳይታሸግ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ግን ከዚያው ቀን አያልፍም። ተቆጣጣሪው መሳቢያ ከፍቶ እሽጎችን እየገለበጠ ቀናቸውን የሚያነበው ለዚህ ነው።

እንፋሎት፣ ግፊትና የአዲስ አበባ ከፍታ

ለምን ኦቶክሌቭ? ማፍላት አይበቃም? ይህ ጥያቄ በተለይ ለእኛ በደጋ ለምንኖረው ትልቅ ትርጉም አለው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የፈለገውን ያህል እሳት ቢጨመርበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም። እንደ ቴታነስ አምጪ ባክቴሪያ ያሉ ተህዋስያን ስፖሮች ደግሞ 100 ዲግሪንም ይቋቋማሉ። ስለዚህ መሣሪያ አፍልቶ መጠቀም በየትም ቦታ ማምከን አይደለም፤ በደጋ ደግሞ ይብሱን ጎዶሎ ነው።

ኦቶክሌቭ ይህን የሚያሸንፈው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን በመጨመር ነው። ግፊት ሲጨምር እንፋሎቱ ይበልጥ ይሞቃል። በሰፊው የሚሠራበት ልክ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ።

አሁን በጥንቃቄ ልናየው የሚገባ ነገር ይመጣል። በአሮጌ ወይም በቀላል ማሽኖች ላይ ያለው የግፊት መለኪያ የሚያሳየው፣ በውጭ ካለው አየር በላይ ምን ያህል ግፊት እንደተጨመረ ነው። በባሕር ወለል ላይ መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። በአዲስ አበባ የውጭው አየር ራሱ ስለሳሳ፣ መለኪያው ያንኑ 15 ሲያሳይ ውስጡ ከ117 ዲግሪ ገደማ አያልፍም። 121 እንዲደርስ መለኪያው ከ18 በላይ መሆን አለበት። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈን የአጠቃቀም መመሪያ ቃል በቃል የሚከተል ሠራተኛ፣ ምንም ሳይሳሳትና ሳይሰንፍ፣ በደንብ ያልመከነ መሣሪያ ለታካሚ ሊያቀርብ ይችላል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሙቀቱን በቀጥታ ስለሚለኩ ይህን ችግር አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ይፈቱታል። ደጋ ላይ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ግን የግፊቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ የሙቀቱን መጠየቅ አለበት።

ሌላው የእንፋሎት ጠላት አየር ነው። እንፋሎት የሚገድለው የመሣሪያውን ገጽ ሲነካ ነው፤ በመሰርሰሪያው ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ አየር ታፍኖ ከቀረ እንፋሎቱ አይደርስም። ስለዚህ ውስጡ ክፍት የሆነና በእሽግ ውስጥ ያለ መሣሪያ አስቀድሞ አየሩን መጥጦ የሚያወጣ ኦቶክሌቭ ይፈልጋል። ማሽን መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ለሚገባበት ዕቃ የተሠራ ማሽን መሆን አለበት።

ማሽኑ መሥራቱን የሚመሰክሩ ሦስት ነገሮች

ኦቶክሌቩ ድምፅ አሰምቶ፣ ሞቆ፣ ደወል ደውሎ ሊጨርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ በውስጡ የሚፈለገው ሙቀት ላይኖር ይችላል። በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምስክር ማሽኑ ራሱ ነው፤ የደረሰበትን ሙቀት፣ ግፊትና የቆየበትን ጊዜ ይመዘግባል። ሁለተኛው በእሽጉ ላይ ወይም ውስጥ የሚደረግ፣ ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙን የሚለውጥ ወረቀት ነው። በእሽጉ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት የሚናገረው እሽጉ ማሽን ውስጥ መግባቱን እንጂ መምከኑን አይደለም፤ ብዙ ክሊኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ሕይወት ያለው ነው። ሙቀትን በመቋቋም የታወቀ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ግን ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ ስፖሮች በትንሽ ብልቃጥ ተደርገው ከመሣሪያዎቹ ጋር ይገባሉ። ሲወጡ ለማደግ በሚመቻቸው ሙቀት ተቀምጠው ይጠበቃሉ። ካደጉ ማሽኑ አልሠራም። ከእነሱ ጎን ደግሞ ማሽን ውስጥ ያልገባ ሌላ ብልቃጥ አብሮ ይቀመጣል። እሱ ማደግ አለበት፤ እሱም ካላደገ ስፖሮቹ ቀድሞውንም የሞቱ ስለነበሩ ፈተናው ፈተና አልነበረም።

አገሮች በምስክር ምርጫ ይለያያሉ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የስፖር ፈተና ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲደረግ ይመክራል። የእንግሊዝ መመሪያ ይበልጥ የሚደገፈው በየዕለቱ በሚደረግ የማሽን ፍተሻና በመዝገቡ ላይ ነው። በሁለቱም አገር ግን ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው አንድ ነው፤ መዝገቡን አሳዩኝ።

መዝገብ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚደርስ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኦክላሆማ ታይቷል። በተልሳ ከተማ አካባቢ ይሠራ በነበረ አንድ የአፍ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ተቆጣጣሪዎች ሲገቡ የዛጉ መሣሪያዎች፣ ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶችና ለዓመታት በስፖር ያልተፈተሸ ኦቶክሌቭ አገኙ። ወደ 7,000 ለሚጠጉ የቀድሞ ታካሚዎች ለደም ምርመራ እንዲቀርቡ ጥሪ ተላለፈ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ሄፓታይተስ ሲ እዚያው ከሌላ ታካሚ እንደተላለፈበት በቫይረሱ የዘር ምርመራ ተረጋገጠ፤ በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ሄፓታይተስ ሲ ከታካሚ ወደ ታካሚ ሲተላለፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው ሁኔታ እሱ ነበር። ሌሎቹ ሺዎች ደግሞ የምርመራ ውጤታቸው እስኪመጣ ድረስ የኖሩትን ጭንቀት አስቡት። መዝገብ ቢኖር ኖሮ የትኛው ቀን፣ የትኛው ማሽን፣ የትኞቹ ታካሚዎች ብሎ መለየት ይቻል ነበር። መዝገብ ስለሌለ ሁሉም ተጠርጣሪ ሆኑ።

በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ

መንገዱን የመከተሉ ሐሳብ ከመሣሪያ አልፎ ውሃውንም ይመለከታል። መሰርሰሪያው ጥርስ ሲቦረቡር እንዳይግል የሚረጨው ውሃ የሚመጣው ውፍረታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ በሆነ ቱቦዎች ውስጥ ነው። ሌሊትና በእረፍት ቀን ውሃው ቆሞ ያድራል። በምዕራፍ 3 በጥርስ ላይ ስለሚጋገረው የባክቴሪያ ንጣፍ በሰፊው ተናግረናል፤ ያው ዓይነት ንጣፍ በእነዚህ ቱቦዎች ግድግዳ ላይም ይሠራል። ወደ ክሊኒኩ ንጹሕ ሆኖ የገባ ውሃ ወደ አፍ ሲደርስ የተበከለ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ እውነተኛ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በጣሊያን አንዲት የ82 ዓመት ሴት ሌጂዮኔላ በተባለ ባክቴሪያ በሚመጣ የሳንባ ምች ሞተዋል፤ ባክቴሪያው የተገኘው በታከሙበት የጥርስ ክሊኒክ የውሃ መስመር ውስጥ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በካሊፎርኒያ አናሃይም ከተማ በአንድ የሕፃናት የጥርስ ክሊኒክ የጥርሳቸው ውስጠኛ ክፍል የታከመላቸው በርካታ ልጆች፣ በውሃው ውስጥ በነበረ ተህዋስ ተጠቅተው ሆስፒታል ገብተዋል። አንዳንዶቹም የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል።

እዚህም በዓይን የሚታይ ምልክት የለም፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ልማዱን ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ውሃው ለሁለት ደቂቃ ያህል ይለቀቃል? በታካሚና በታካሚ መካከልስ? መስመሩ በምን መድኃኒት ይታከማል? ናሙናው ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? በአሜሪካ ለተለመደ ሕክምና የሚውል ውሃ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ500 የሚበልጥ የባክቴሪያ መጠን እንዳይኖረው ተወስኗል።

ደኅንነት ብቻውን ጥሩ ሕክምና አይደለም

የእንግሊዙ ተቋም ክሊኒክን የሚመዝነው በአምስት ጥያቄዎች ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው? ሕክምናው ውጤታማ ነው? ሠራተኞቹ ለሰው ያዝናሉ? ለታካሚው ፍላጎት ይደርሳሉ? አመራሩስ በሚገባ ተደራጅቷል? ለሆስፒታሎች እንደሚያደርገው ለጥርስ ክሊኒኮች ደረጃ አይሰጥም፤ ሕጉን አሟልተዋል ወይስ አላሟሉም ብሎ ሪፖርቱን ለሕዝብ ያወጣል። ጉድለት ሲያገኝ እንደ ክብደቱ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ምዝገባ እስከ መሰረዝ ይደርሳል።

እነዚህ ጥያቄዎችም የሚመለሱት በዚያው ዘዴ ነው። ጥሩ ሕክምና መሰጠቱን ተቆጣጣሪው በታካሚው ካርድ ላይ ይፈልጋል። የታካሚው የቀድሞ ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት ተጠይቋል? ራጅ ከተነሳ ለምን እንደተነሳና ምን እንዳሳየ ተጽፏል? ጥርሱን ከመንቀል ሌላ ምርጫ እንዳለ ተነግሮት ተስማምቷል? ለድንገተኛ አደጋ የሚቀመጠው ኦክስጅንና አድሬናሊንም በየጊዜው ይታያል። ተቆጣጣሪው ዕቃዎቹ መኖራቸውን አይቶ አያበቃም፤ እንግዳ የምትቀበለዋን ሠራተኛ ጭምር «አሁን አንድ ታካሚ ራሱን ቢስት ኦክስጅኑ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሳታመነታ ከመለሰች ልምምዱ እውነተኛ ነው።

የአንድ ቀን ጉብኝት የማይደርስበት

ቁጥጥር ወሰን አለው። የእንግሊዙ ተቋም ለዓመታት የሠራው በየዓመቱ ከአሥር ክሊኒኮች አንዱን ያህል በመጎብኘት ነው። በጉብኝቱ ቀን ደግሞ ሁሉም ይጠነቀቃል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በኖቲንግሃም አካባቢ አንድ የጥርስ ሐኪም ጓንትና መሣሪያ ሳይቀይር ከታካሚ ወደ ታካሚ እንደሚሄድ የሚያሳይ፣ በስውር የተቀረጸ ቪዲዮ ለባለሥልጣናት ደረሰ። ወደ 22,000 ለሚሆኑ የቀድሞ ታካሚዎች የምርመራ ጥሪ ተላለፈ። ጉዳዩን ያወጣው የተቆጣጣሪ ጉብኝት አልነበረም፤ በቅርብ ያየ ሰው ጥቆማ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ከመዝገቡ እኩል ሊመረመር የሚገባው፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላት ረዳት «ይህ መሣሪያ አልመከነም፣ አልሰጥም» ለማለት ነፃነት ያላት መሆኑ ነው። እሷ በየቀኑ እዚያ ናት፤ ተቆጣጣሪው ግን በብዙ ዓመት አንድ ቀን። እንቢ ስትል የሚቆጧት ክሊኒክ ውስጥ መዝገቡ የሚሞላው ለተቆጣጣሪው ዓይን ብቻ ነው። የምትመሰገንበት ክሊኒክ ውስጥ ግን ተቆጣጣሪው ባይመጣም ታካሚው ይጠበቃል።

ታካሚው ምን ይጠይቅ?

ታካሚውም ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ነገር አለ። እሽጉ በፊቱ እንዲከፈት መጠየቅ ይችላል። ጓንት ለእሱ አዲስ መደረጉን ማየት ይችላል። ኦቶክሌቩ መቼ እንደተፈተሸ መጠየቅም መብቱ ነው። ይህ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። በአገራችን ሐኪምን መጠየቅ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ልማድ አለ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው የሚጎዳው ሁለቱንም ወገን ነው። በታማኝነት የሚሠራ ሐኪም ድካሙ ሁሉ በጓዳ ነውና፣ ካልመዘገበውና ካላሳየው በስተቀር ቸልተኛው ጎረቤቱ ከእሱ እኩል ይታያል። መዝገቡ ታካሚውን የሚጠብቀውን ያህል የሐኪሙን ትጋት ለሰው ዓይን የሚያበቃ ብቸኛ ማስረጃ ነው።

ውጤቱ በማይታይበት ሥራ፣ መንገዱን በግልጽ ማሳየት የሙያው ግማሽ አካል ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህንኑ ሐሳብ ይዘን ወደ ሌላው የማይታይ ነገር፣ ወደ ራጅ ጨረር እንሄዳለን፤ መጠኑ እንዴት እንደሚለካና ለአንድ ጥርስ ምን ያህሉ እንደሚበቃ እናያለን።